የከተማ ፕላን ሲነደፍ የነጋዴው ድምፅ፤ የእንግሊዝ አገር ማዘጋጃ ቤቶች ልምድ

አንድ ነጋዴ ሱቅ ሲከፍት ወይም መጋዘን ሲሠራ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ዕቃው ዋጋ፣ ስለ ቀረጡ፣ ስለ ኪራዩና ስለ ደንበኛው ነው። ሱቁ ያለበት መንገድ ከዐሥር ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን ግን እምብዛም አይጠይቅም። ይሁን እንጂ መንገዱ ይስፋ ወይስ ይዘጋ፣ ከጎኑ ያለው ባዶ ቦታ ለመኖሪያ ቤት ይሰጥ ወይስ ለአውቶቡስ ማቆሚያ፣ ከከተማው ዳር ትልቅ የገበያ አዳራሽ ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚለው ጥያቄ፣ ከዕቃው ዋጋ ይልቅ የንግዱን ዕድሜ የሚወስንበት ጊዜ ብዙ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የከተማ ፕላን ነው።

የከተማ ፕላን ማለት መሬት ወደ ፊት ለምን አገልግሎት እንደሚውል በካርታና በጽሑፍ የሚያስታውቅ የማዘጋጃ ቤት ውሳኔ ነው። ፕላኑ ከጸደቀ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ብዙውን ጊዜ ከንቱ ሆኖ ይቀራል፤ ረቂቅ ሳለ የቀረበ ሐሳብ ግን መስመሩን ሊያዞር ይችላል። ይህ እውነት በግልጽ ከታየባቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። በዚያ አገር ከመቶ ዓመት በላይ ያስቈጠረ የፕላን ሕግ አለ፤ ሕዝብ ሐሳቡን የሚያቀርብበትም መንገድ ደረጃ በደረጃ ተጽፎ ይገኛል። የዚያ አገር ልምድ ለአዲስ አበባም ፍጹም ባዕድ አይደለም። የሎንዶንን የጦርነት ጊዜ ፕላኖች በ1943 እና በ1944 ያዘጋጁት ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ በ1956 የወጣው የአዲስ አበባ መሪ ፕላን መሐንዲስም ነበሩና። (ስለ እንግሊዝ አገርና ስለዚሁ የአዲስ አበባ ፕላን የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሕጉ እንዴት እንደ ጀመረ

በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው የከተማ ፕላን ሕግ የወጣው በ1909 ነው። የዛሬው አሠራር መሠረት የተጣለው ግን በ1947 በወጣውና በሐምሌ ወር 1948 በሥራ ላይ በዋለው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ነው። ይህ ሕግ ሁለት ታላላቅ ነገሮችን ደነገገ። አንደኛ፣ ባለንብረት የሆነ ሰው መሬቱ የራሱ ቢሆንም እንኳ፣ በላዩ አዲስ ቤት ለመሥራት ወይም መኖሪያውን ወደ ፋብሪካ ለመለወጥ ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ መጠየቅ ግድ ሆነበት። ሁለተኛ፣ አስተዳደሩ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚከለክለው እንደ ፈቀደው እንዳይሆን፣ አስቀድሞ ፕላን የማዘጋጀት ግዴታ ተጣለበት።

በዚያን ጊዜ ፕላኑን የሚነድፉት ባለሙያዎች ነበሩ። ሕዝቡ የሚጠየቀው ሥራው ካለቀ በኋላ ሲሆን፣ የተቃወመ ሰው ተቃውሞውን በችሎት መልክ በሚደረግ ጉባኤ ያሰማ ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ብዙ አሮጌ ሰፈሮች በዚህ አሠራር ፈርሰው በምትካቸው ሰፋፊ መንገዶችና ረጃጅም ሕንፃዎች ሲተከሉ፣ ቅሬታው እየበዛ ሄደ። ስለዚህ በ1968 የወጣው አዲስ ሕግ ማዘጋጃ ቤቶች ረቂቃቸውን በሚያዘጋጁበት ጊዜ ለሕዝብ እንዲያስታውቁና ሐሳብ እንዲቀበሉ አዘዘ። ይህ እንዴት እንደሚፈጸም እንዲያጠና በአርተር ስኬፊንግተን ሊቀ መንበርነት ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ በ1969 ሪፖርቱን አቀረበ። የሪፖርቱ ፍሬ ነገር በአጭሩ፣ ሕዝብ ሊጠየቅ የሚገባው ውሳኔ ከተቈረጠ በኋላ ሳይሆን ሐሳቡ ገና በመጠንሰስ ላይ ሳለ ነው የሚል ነው።

የኮቨንት ጋርደን ገበያ ነገር

ሕጉ በወረቀት ላይ በተጻፈበት በዚያው ዘመን፣ በሎንዶን መካከል የሚገኝ አንድ የነጋዴዎች ሰፈር ትርጕሙን በተግባር አሳየ። ኮቨንት ጋርደን በ1670 በንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ ፈቃድ የተቋቋመ የአትክልትና የፍራፍሬ ገበያ ነበር፤ የመካከሉ የገበያ አዳራሽም በ1830 ተሠርቷል። ከጊዜ በኋላ የጭነት መኪናዎች ብዛት ጠባቦቹን መንገዶች ስለ አጨናነቀ፣ የጅምላ ገበያው ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር ተወሰነ፤ በኅዳር ወር 1974ም ከቴምዝ ወንዝ ማዶ ናይን ኤልምስ ወደሚባለው ስፍራ ሄደ።

ገበያው ሲለቅ ቦታው ምን ይሁን የሚለውን ጥያቄ የሎንዶን አስተዳደር ከሁለት የአካባቢ ምክር ቤቶች ጋራ ሆኖ አጠና፤ በ1968ም ረቂቅ ፕላን አወጣ። ረቂቁ ከሰፈሩ ብዙውን ክፍል አፍርሶ አዳዲስ መንገዶች፣ ሆቴሎች፣ መሥሪያ ቤቶችና የጉባኤ አዳራሽ እንዲሠሩበት የሚል ነበር። በሰፈሩ ግን ፍራፍሬ ነጋዴዎች ብቻ አልነበሩም፤ ማተሚያ ቤቶች፣ የመጻሕፍት ነጋዴዎች፣ ለቲያትር ቤቶች ልብስና መሣሪያ የሚያዘጋጁ ባለእጆች፣ ትናንሽ ምግብ ቤቶችና በርካሽ ኪራይ የሚኖሩ ቤተ ሰቦችም ነበሩበት። እነዚህ ሰዎች በ1971 የሰፈሩን ማኅበር አቋቁመው ተቃውሞአቸውን አስታወቁ፤ በዚያው ዓመትም የሕዝብ መስሚያ ጉባኤ ተደረገ።

ተቃዋሚዎቹ «አንፈልግም» ብለው ብቻ አልቀሩም። ሰፈሩ የያዘው ሥራ ምን እንደ ሆነ፣ አሮጌዎቹ ሕንፃዎች ታድሰው ምን ሊያገለግሉ እንደሚችሉ፣ አዲሶቹ መንገዶች ያለ እነርሱ ሊቀሩ የሚችሉ ስለ መሆናቸው ተከራከሩ። በጥር ወር 1973 የአካባቢ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ጄፍሪ ሪፖን ውሳኔ ሰጡ። ሚኒስትሩ ሰፈሩ በአንድነት እንዲታደስ የሚለውን ሐሳብ ቢቀበሉም፣ 250 ያህል ሕንፃዎች በታሪካዊነታቸው እንዲጠበቁ በመዝገብ አስገቡ፤ ሕዝቡም ከቀድሞው ይበልጥ እንዲጠየቅ አሳሰቡ። ይህን ያህል ሕንፃ ካልፈረሰ ደግሞ የቀድሞው ፕላን ሊፈጸም የማይችል ስለ ሆነ፣ አስተዳደሩ ሥራውን እንደገና ለመጀመር ተገደደ። በ1974 ነዋሪዎች፣ ነጋዴዎችና ባለንብረቶች ወኪሎቻቸውን የመረጡበት መማክርት ተቋቋመ፤ አዲሱም ፕላን በ1978 ወጣ። አሮጌው የገበያ አዳራሽ ታድሶ በ1980 ለትናንሽ ሱቆች ተከፈተ።

የሆነ ሆኖ የታሪኩ ፍጻሜ ሁሉ ጣፋጭ አይደለም። ሰፈሩ ከመፍረስ ቢድንም ጐብኚ ስለ በዛበት ኪራዩ እየናረ ሄዶ፣ ከተከራካሪዎቹ መካከል የነበሩት ባለእጆችና ትናንሽ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሊቆዩበት አልቻሉም። ፕላን ሕንፃን ሊጠብቅ ይችላል፤ ተከራይን ግን በራሱ ኀይል አይጠብቅም። ነጋዴዎች ድምፃቸውን በሚያሰሙበት ጊዜ ስለ መንገዱና ስለ ግንቡ ብቻ ሳይሆን፣ ስለ ኪራዩ ዘመንና ስለ ትናንሽ ሱቆች ቦታ ጭምር መናገር የሚያስፈልጋቸው ስለዚህ ነው።

ፕላን በላላበት ቦታ የደረሰው

ፕላን ነጋዴን ያጨናንቃል፤ ስለዚህ ቢቀር ይሻላል የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። ለዚህ ሐሳብ መልስ የሚሆን ምሳሌ ከበርሚንግሃም በስተ ምዕራብ ከምትገኘው ከደድሊ ከተማ ሊጠቀስ ይቻላል። በ1980 በወጣው ሕግ መሠረት መንግሥት ሥራ ለጠፋባቸው አካባቢዎች ልዩ ቀጠናዎች አቋቋመ። በነዚህ ቀጠናዎች ውስጥ ገንዘቡን ሥራ ላይ የሚያውል ሰው ለዐሥር ዓመት ከማዘጋጃ ቤት ግብር ነጻ ይሆን ነበር፤ የፕላን ፈቃድም በጣም ተቃልሎለት ነበር። በደድሊ አጠገብ የነበረው የራውንድ ኦክ ብረታ ብረት ፋብሪካ በ1982 መጨረሻ ሲዘጋ፣ ቦታው ከዚሁ ቀጠና ጋራ ተቀላቀለ።

የታሰበው ኢንዱስትሪ እንዲመጣ ነበር፤ የመጣው ግን ሜሪ ሂል የተባለው ግዙፍ የገበያ አዳራሽ ነው። አዳራሹ በየደረጃው ተሠርቶ በ1989 ሲጠናቀቅ፣ በደድሊ መካከል የነበሩ ትላልቅ መደብሮች ነጻ የመኪና ማቆሚያና የግብር ምሕረት ወዳለበት ወደዚያ ተዛወሩ። ትላልቆቹ መደብሮች ሲሄዱ እነርሱን ብሎ የሚመጣው ገዢም ሄደ፤ ከእነርሱ አጠገብ የሚነግዱት ትናንሽ ባለሱቆች ግን ኪራያቸውንና ግብራቸውን እየከፈሉ ገዢ በጠፋበት መንገድ ላይ ቀሩ። ፈቃዱ አስቀድሞ በጅምላ የተሰጠ ስለ ነበረ፣ እያንዳንዱ ግንባታ በቀረበ ጊዜ «የከተማው ገበያ ምን ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቅ ችሎት አልነበረም።

ከዚህና ይህን ከመሰሉ ነገሮች በኋላ የመንግሥቱ ሐሳብ ተለወጠ። በ1996 በወጣው መመሪያ፣ አዲስ ትልቅ መደብር ለመሥራት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ በከተማው መካከል ቦታ መፈለግ አለበት፤ እዚያ ከታጣ በመካከሉ ዳር፣ እዚያም ከታጣ ብቻ ከከተማው ውጭ ሊሠራ ይፈቀድለታል ተባለ። በ2012 የወጣው የመንግሥቱ አጠቃላይ የፕላን ፖሊሲም ይህን ደንብ ይዞ፣ ከከተማ መካከል ውጭ የሚሠራ የገበያ ሕንፃ ስፋቱ ከ2,500 ካሬ ሜትር በላይ ከሆነና የአካባቢው ፕላን ሌላ መጠን ካልወሰነ፣ በነባሩ ገበያ ላይ የሚያመጣው ጉዳት እንዲጠና አዘዘ። እንግዲህ የመጠኑን ወሰን ዝቅ ማድረግ ለየማዘጋጃ ቤቱ የተተወ ስለ ሆነ፣ የባለሱቆች ማኅበር በፕላን ዝግጅት ጊዜ ሊጠይቀው ከሚገባው ነገር አንዱ ይኸው ነው።

ፕላኑ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች

በ2004 በወጣው ሕግና በ2012 በወጣው ደንብ የተዘረጋው አካሄድ ከዚህ የሚከተለው ነው።

መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤቱ ሕዝብን በምን መንገድ እንደሚያማክር የሚገልጽ ሰነድ ያወጣል። ይህ ሰነድ ማስታወቂያው የት እንደሚለጠፍ፣ ስብሰባው የት እንደሚደረግ፣ ጽሑፉ በየትኛው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ እንደሚነበብ ያስታውቃል። ማዘጋጃ ቤቱ የገባውን ቃል የመፈጸም ግዴታ አለበት።

ሁለተኛው ሥራ ማስረጃ መሰብሰብ ነው። ለመጪዎቹ 15 ዓመታት ምን ያህል መኖሪያ ቤት፣ ምን ያህል የፋብሪካና የመጋዘን መሬት፣ ምን ያህል የሱቅ ወለል እንደሚያስፈልግ ይጠናል፤ የጐርፍና የመንገድ መጨናነቅ ጥናትም ይደረጋል። በዚሁ ጊዜ ማዘጋጃ ቤቱ «ለልማት የሚሆን መሬት ያለው ያስታውቅ» ብሎ ጥሪ ያደርጋል። ባለመጋዘን የሆነ ነጋዴ መሬቱን ለማስፋት ወይም ለሌላ አገልግሎት ለማዋል ቢያስብ፣ የሚያስመዘግብበት ጊዜ ይህ ነው። የቀረበው መሬት ሁሉ ይመረጣል ማለት አይደለም፤ ያልቀረበ ግን ሊመረጥ የሚችልበት ዕድል ጠባብ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ጥያቄዎቹና አማራጮቹ ለሕዝብ የሚቀርቡበት ነው። ከተማው ወደ ምሥራቅ ይስፋ ወይስ ወደ ምዕራብ፤ የአሮጌው ጣቢያ ቦታ ለቢሮ ይሁን ወይስ ለገበያ የሚለው ገና ያልተቈረጠ ስለ ሆነ፣ በዚህ ጊዜ የተነገረ ቃል ክብደቱ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ነገሩ ሩቅ መስሎ ስለሚታየው ወደ ስብሰባው የሚመጣው ጥቂት ነው፤ ብዙ ሰው የሚነቃው ካርታው ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው።

አራተኛው ደረጃ ማዘጋጃ ቤቱ የመጨረሻ ነው የሚለውን ረቂቅ የሚያሳትምበት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት አስተያየት በጽሑፍ ይቀበላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ «ፕላኑ ይለወጥልኝ» ብሎ በጽሑፍ ያመለከተ ሰው፣ በሚቀጥለው ምርመራ ላይ ቀርቦ የመናገር መብት ያገኛል። ጊዜውን ያሳለፈ ግን ምንም ያህል እውነት ቢኖረው ይህ መብት የለውም።

አምስተኛው ደረጃ ምርመራው ነው። ፕላኑ ከነአስተያየቱ ከማዘጋጃ ቤቱ ነጻ ለሆነ፣ በሚኒስትሩ ስም ለተሾመ ኢንስፔክተር ይላካል። ኢንስፔክተሩ ፕላኑን በአራት ሚዛን ይመዝነዋል፤ ይኸውም የአካባቢውን ፍላጎት ለማሟላት የታሰበ ነውን? በማስረጃ የተደገፈ ነውን? ሊፈጸም የሚችል ነውን? ከመንግሥቱ ፖሊሲ ጋራ የተስማማ ነውን? በማለት ነው። ምርመራው የሚደረገው በግልጽ ስብሰባ ሲሆን፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሹማምንት፣ የግንባታ ኩባንያዎች፣ የነዋሪዎችና የነጋዴዎች ማኅበራት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይከራከራሉ። ጉድለት የተገኘበት ፕላን መሻሻያ ይደረግበታል፤ ዋና ዋናዎቹ መሻሻያዎችም እንደገና ለሕዝብ አስተያየት ይቀርባሉ።

በመጨረሻ ኢንስፔክተሩ ከተስማማ ማዘጋጃ ቤቱ በሸንጎው ድምፅ ፕላኑን ያጸድቃል። ከዚያ ወዲያ ማንኛውም የግንባታ ማመልከቻ በፕላኑ መሠረት ይወሰናል፤ ከፕላኑ ለመውጣት ክብደት ያለው ሌላ ምክንያት መኖር አለበት። ስለዚህ የጸደቀ ፕላን ለነጋዴ እንደ ውል ያለ ነገር ነው። ባንክ ብድር ሲሰጥ፣ ገዢ ሱቅ ሲገዛ፣ ተከራይ የረዥም ዘመን ኪራይ ሲፈርም አስቀድሞ የሚያየው እርሱን ነው። ፕላኑ በየአምስት ዓመቱ እንደገና መታየት እንዳለበትም ተደንግጓል።

ምን ዐይነት አቤቱታ ይሰማል?

ብዙ ነጋዴዎች የሚሳሳቱበት ነገር ይህ ነው። አንድ ባለሱቅ «በአጠገቤ ሌላ ሱቅ ቢከፈት ገበያዬን ይወስድብኛል» ብሎ ቢያመለክት፣ አቤቱታው አይቈጠርለትም። የእንግሊዝ የፕላን ሕግ አንዱን ነጋዴ ከሌላው ነጋዴ ውድድር ለመጠበቅ የቆመ አይደለምና። ዳሩ ግን ያው ባለሱቅ ከጎረቤቶቹ ጋራ ሆኖ «ይህ ግንባታ የከተማውን ገበያ በጠቅላላው ያዳክማል፤ እግረኛ በቀን ስንት እንደሚያልፍ፣ ስንት ሱቅ ባዶ እንደ ሆነ ቈጥረናል» ብሎ ቢያቀርብ፣ ጉዳዩ የሕዝብ ጥቅም ስለ ሆነ ይሰማል። ልዩነቱ በጉዳዩ አቀራረብ ብቻ ሳይሆን በማስረጃውም ነው።

እንዲሁም የጭነት ማውረጃ ቦታ መጥፋት፣ የመኪና ማቆሚያ እጥረት፣ የመንገድ አደጋ፣ የጐርፍ ፍሳሽ፣ የታሪካዊ ሕንፃ መጐዳት፣ የሥራ ቦታ መቀነስ የሚሰሙ ምክንያቶች ናቸው። በ2018 የተሻሻለው የመንግሥቱ ፖሊሲ አንድ ተጨማሪ ጠቃሚ መሠረት አስገብቷል። ነባር ንግድ ባለበት አጠገብ አዲስ መኖሪያ ቤት ሲሠራ፣ ነዋሪዎቹ ኋላ «ጩኸት በዛብን» ብለው ንግዱን እንዳያዘጉት፣ ጩኸቱን የመከላከሉ ግዴታ በአዲሱ ግንባታ ባለቤት ላይ ይወድቃል። ሌሊት ዕቃ ለሚያራግፍ ባለመጋዘን ወይም ማለዳ ምድጃ ለሚለኩስ ዳቦ ጋጋሪ፣ ይህ ቃል በአካባቢው ፕላን ውስጥ ተጽፎ መገኘቱ ትልቅ ዋስትና ነው።

ማመልከቻው አጭርና ግልጽ ቢሆን ይመረጣል። የትኛው ገጽ፣ የትኛው አንቀጽ፣ የትኛው የካርታ ክፍል እንደ ሆነ፣ ስሕተቱ ምን እንደ ሆነ፣ በምትኩ ምን ዐይነት ቃል እንዲጻፍ እንደሚፈለግ መግለጽ አለበት። መቶ ሰው አንድ ዐይነት ወረቀት ቢፈርም የቅሬታውን ብዛት ያሳያል እንጂ፣ ኢንስፔክተሩ የሚያመዛዝነው የምክንያቱን ጥንካሬ ነው።

ነጋዴዎች ድምፅ የሰጡበት ፕላን

በ2011 የወጣው ሕግ ከማዘጋጃ ቤቱ ፕላን በታች የሰፈር ፕላን እንዲኖር ፈቀደ። የመንደር ምክር ቤት ባለበት እርሱ፣ በሌለበት ደግሞ ቢያንስ 21 አባላት ያሉት የሰፈር ማኅበር ፕላኑን ሊያዘጋጅ ይችላል። በሰፈሩ የሚኖሩ ብቻ ሳይሆኑ የሚሠሩም አባል መሆን ይችላሉ። ፕላኑ በነጻ መርማሪ ከታየ በኋላ ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ፣ ድምፅ ከሰጡት ከግማሽ በላይ ከደገፉት የሕግ ኀይል ያገኛል። በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ሕዝበ ውሳኔ በመጋቢት ወር 2013 በሰሜን እንግሊዝ በአፐር ኢደን ተደረገ።

ሰፈሩ በአብዛኛው የንግድ ቦታ ከሆነ ሕጉ ሁለት ሕዝበ ውሳኔ እንዲደረግ ያዛል፤ አንዱ ለነዋሪዎች፣ ሁለተኛው የንግድ ቤት ግብር ለሚከፍሉ ድርጅቶች ነው። ሁለቱም ወገኖች ከተስማሙ ፕላኑ ይጸናል፤ አንዱ ተቀብሎ ሌላው ካልተቀበለ ማዘጋጃ ቤቱ ይወስናል። በ1967 እንደ አዲስ ከተማ የተመሠረተችው ሚልተን ኪንስ፣ ለመካከለኛ ክፍሏ በዚህ ሕግ ተጠቅማ በግንቦት ወር 2015 ሁለቱንም ሕዝበ ውሳኔዎች አደረገች፤ ነዋሪውም ነጋዴውም ፕላኑን ደገፈ። ፕላኑ ከተማዋ ስትቈረቈር የተዘረጉትን ሰፋፊ ጎዳናዎች ሥርዓት የሚጠብቅ ነበር። ድርጅቶች በሕግ ድምፅ የሚሰጡበት እንዲህ ያለ አሠራር፣ ነጋዴ በከተማው ጉዳይ ባለጉዳይ ብቻ ሳይሆን ባለድርሻ መሆኑን ያሳያል።

የአሠራሩ ጉድለቶች

ከላይ የተገለጸው ሁሉ በጎ ቢመስልም ጉድለት አለበት። በመጀመሪያ ሥራው ዘገምተኛ ነው፤ አንድ ፕላን ተጀምሮ እስኪጸድቅ ብዙ ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ በዚህ መካከል የነጋዴው ሁኔታ ይለወጣል። በ2023 የወጣ ሕግ አካሄዱን ለመለወጥ መንገድ ከፍቷል፤ የመንግሥቱም ሐሳብ ዝግጅቱ በ30 ወር ውስጥ እንዲፈጸም ነው። ሁለተኛ፣ ትላልቅ ኩባንያዎች ጠበቃና መሐንዲስ ቀጥረው በየደረጃው ሲከራከሩ፣ ትንሹ ባለሱቅ ግን ሱቁን ዘግቶ ስብሰባ ለመዋል ይቸግረዋል። ለዚህ መድኀኒት የሆነው በንግድ ምክር ቤት ወይም በሰፈር ማኅበር አማካይነት በአንድነት መቅረብ ነው።

ሦስተኛ፣ ሕዝቡ የሚጠየቅበት ነገር ሁሉ በማዘጋጃ ቤቱ እጅ አይደለም። ማዕከላዊው መንግሥት ፕላኑን በአንድ ደንብ ሊሽረው ይችላል። ለምሳሌ በመስከረም ወር 2020 በወጣ ደንብ ሱቅ፣ ቢሮ፣ ምግብ ቤትና ክሊኒክ የመሳሰሉት በአንድ መደብ ውስጥ ስለ ገቡ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመለወጥ የፕላን ፈቃድ ማስፈለጉ ቀረ። በነሐሴ ወር 2021 ደግሞ በዚህ መደብ ያሉ ሕንፃዎች የተወሰነ ሁኔታ እስከ አሟሉ ድረስ ያለ ሙሉ የፕላን ፈቃድ ወደ መኖሪያ ቤት እንዲለወጡ ተፈቀደ። «ይህ መንገድ የሱቅ መንገድ ሆኖ ይቆይ» ተብሎ በብዙ ድካም የተጻፈ ፕላን፣ በዚህ ምክንያት ኀይሉ ቀንሷል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያም በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ከዚህ ጋራ የሚቀራረብ አሠራር ደንግጓል። አዋጁ የከተማ ፕላንን በሁለት ይከፍላል፤ እነርሱም ከተማውን በጠቅላላ የሚመለከተው መዋቅራዊ ፕላንና የተወሰነ ክፍል የሚመለከተው የአካባቢ ልማት ፕላን ናቸው። የመዋቅራዊ ፕላን ዘመንም ዐሥር ዓመት እንዲሆን ወስኗል። ከመሠረተ ሐሳቦቹም መካከል የሕዝብ ተሳትፎ፣ ግልጽነትና ተጠያቂነት፣ እንዲሁም የሕዝብንና የግልን ጥቅም ማመዛዘን ይገኙበታል። እነዚህ ቃላት የሚያገለግሉት ግን የሚጠቀምባቸው ሰው ሲገኝ ነው።

ስለዚህ የእንግሊዝ አገር ልምድ ለአስመጪው፣ ለላኪውና ለባለሱቁ የሚያስተምረው በጥቂት ቃል ሊጠቃለል ይቻላል። ረቂቅ ፕላን ወጥቷል ሲባል ካርታውን ሄዶ ማየትና የራስን ቦታ በላዩ ፈልጎ ማግኘት፤ ቦታው በምን ቀለም እንደ ተቀባና ቀለሙ ምን ማለት እንደ ሆነ መጠየቅ፤ ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋራ ሆኖ የሚያልፈውን እግረኛ፣ የሚወርደውን ጭነት፣ የሚሠራውን ሠራተኛ ቈጥሮ በጽሑፍ ማስፈር፤ ማመልከቻውን በተወሰነው ቀን ውስጥ አስገብቶ የተቀባይነት ማስረጃውን ከኪራይ ውሉና ከንግድ ፈቃዱ ጋራ ማስቀመጥ ነው። ይህ ሥራ ከአንድ ሳምንት ገበያ የሚበልጥ ጊዜ አይፈጅም። የኮቨንት ጋርደን ነጋዴዎች በጊዜው ስለ ተናገሩ ሰፈራቸው ቆመ፤ የደድሊ ባለሱቆች ግን የሚናገሩበት ቦታ ባለ ማግኘታቸው ገበያቸው ተወሰደ። የመናገሪያው ቦታ ባለበት አገር ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነጋዴ፣ በገዛ እጁ የደድሊን ዕድል ይመርጣል።